ደሴ ላይ በሰዓት 1,200 ብር የተከራየነው ሜዳ

የጀመርነው ጥር ላይ ነው። ማክሰኞ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ አሥር ሰው፣ አንድ ትንሽ የእግር ኳስ ሜዳ። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ በበዓልና በለቅሶ የታጠፉት ሳምንታት ሲቀነሱ አሥራ ስድስት ጊዜ ተጫውተንበታል። በአንድ ቀን ጨዋታ ሜዳ ማማትም ማሞገስም አልወድም። ከአሥራ ስድስት በኋላ ግን ዝም ማለት የሌላውን ሰው ጉልበት አሳልፎ መስጠት ሆነብኝ።

የሜዳውን ስም አልጽፍም። ባለቤቱ የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ አልወጡም። እንዲህ ያለን ሰው በስም ጠርቶ መውቀስ ለአስተዳደጌ አይመችም። ደግሞም የማነሳቸው ጉድለቶች የእርሳቸው ብቻ አይመስሉኝም፤ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፎ በሰዓት የሚያከራይ ሁሉ ቢያነብባቸው አይጎዳም።

እኔ ነርስ ነኝ፤ 44 ዓመቴ ነው። ሃያ ዓመት ያህል የሰው አንጓ ይዤ የልብ ምት ስቆጥር ኖሬያለሁ። ከዚያ በፊት ሆጤ ላይ በጨርቅ ኳስ አድጌ ለትምህርት ቤታችን የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበርኩ። ስለዚህ ኳስ የማያውቅ የሆስፒታል ሰው አፉን ከፈተ እንዳትሉኝ።

መግቢያው ላይ የተሰቀለው ሸራ «ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ቀላል ጨዋታ» ይላል። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ «ቀላል» የምትለው ቃል ናት።

እኛንም ወደዚያ የወሰደችን እርሷው ናት። ሁለቱ መምህራን ናቸው፣ አንዱ ሾፌር፣ ሁለቱ በጨርቅ ንግድ የሚተዳደሩ፣ ሦስቱ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው የሚመጡ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ እኔና ወፍጮ ቤት ያላቸው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ስንጨመር አሥር። ከመካከላችን ከሠላሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ አንድም የለም። «ትልቁን ሜዳ አንችለውም፣ ትንሹን ግን እንዘልቀዋለን» ተባብለን ነበር የተስማማነው።

በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ገና በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ፣ አጥሩን ተደግፌ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አደረግሁ። በ15 ሴኮንድ 42 ቆጠርኩ፤ በአራት ሲባዛ 168። የሰውን ከፍተኛ የልብ ምት በግርድፉ ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የተለመደ ነው፤ ለእኔ 176 ይመጣል። ስሌቱ ለአንዱ በአሥር ያህል ሊያልፍ፣ ለሌላው በዚያው ልክ ሊያንስ ይችላል። ቢሆንም ጣሪያው ጋ ልደርስ ትንሽ ነው የቀረኝ። ተከላካይ ሳለሁ እንዲህ የምሆነው መስመሩን ጨርሼ ሮጬ፣ ኳስ ተነጥቄ፣ ያንኑ መንገድ በሩጫ ስመለስ ነበር። እዚህ በአንድ ጊዜ የምሮጠው ከስምንት ሜትር አይበልጥም። ግን ያንን ስምንት ሜትር ስንት ጊዜ እንደሮጥኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

ሜዳውን ልጄ ሜትር ይዛ መጥታ ለካችልኝ፤ 32 በ18 ነው። 576 ካሬ ሜትር ለአሥር ሰው ሲካፈል ለአንዱ 58 እንኳ አይሞላም። ትልቁ ሜዳ 105 በ68 ሲሆን ለሃያ ሁለት ሰው ተካፍሎ ለእያንዳንዱ ከ320 ካሬ ሜትር በላይ ይደርሰዋል። ልዩነቱ የቦታ ብቻ አይደለም። ትልቁ ሜዳ ላይ ኳሱ በወዲያኛው ጥግ ሳለ ወገብ ይዞ መቆም አለ። በረኛው እስኪለጋ ትንፋሽ መሰብሰብ አለ። ኳሱ ወጥቶ ልጆች ከቦይ ውስጥ እስኪያመጡት ድረስ ማሊያን ገልጦ ፊትን መጥረግ አለ። እዚህ ኳሱ ሁልጊዜ ከአንተ አራት እርምጃ ነው። ወጥቶም አያሳርፍም፤ መረቡ ይመልሰዋል። ኳሱ ሲደርስህ ሰውም አብሮ ይደርሳል። ትነጠቃለህ፣ ትዞራለህ፣ ትከተላለህ፣ በድንገት ትቆማለህ፣ ቆመህ ሳታበቃ ደግሞ ትነሣለህ።

ሰውን የሚጨርሰው ይህ መቆምና መነሣት ነው። በጠባብ ሜዳ ማንም ሙሉ ፍጥነቱ ላይ አይደርስም፤ መፍጠን እንደጀመረ መስመሩ ይደርስበታል። ለመቆም የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ የሰውነትን ክብደት ይሸከማል። ጡንቻን ይበልጥ የሚያሳምመውም ሲለጠጥ የሚሸከመው ሸክም ነው፤ ሕመሙ በዚያው ማታ አይታወቅም፣ በማግስቱ ይጀምርና በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ማክሰኞ ተጫውቼ ሐሙስ ጠዋት የሥራ ቦታዬን ደረጃ በጎኔ፣ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ ነው የወረድኩት። ከታች አንዲት በዱላ የሚሄዱ እናት ቆመው ጠበቁኝ። «አብሽር ልጄ፣ እኔም እንዲሁ ነው የጀመረኝ» አሉኝ።

አሠልጣኞች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ተጫዋቾችን በጠባብ ሜዳ አራት ለአራት የሚያጫውቱት ለመዝናኛ ብለው አይደለም፤ ልብና ሳንባን ለማሠራት ነው። የተጫዋቾቹ የልብ ምት ከከፍተኛው እስከ 85 እና 90 በመቶ ይወጣል። የሰው ቁጥር ሲያንስ፣ አሠልጣኙም ከዳር ሆኖ ሲጮህ ደግሞ ይብሳል። አንዱ የታወቀ አሠራር አራት ደቂቃ ተጫውቶ ሦስት ደቂቃ ያህል ዘና ብሎ መንቀሳቀስ፣ ይህንንም አራት ጊዜ መድገም ነው። ጨዋታው ብቻ ሲደመር 16 ደቂቃ ይሆናል። ደመወዝ የሚከፈለው የሃያ ዓመት ጎረምሳ 16 ደቂቃ የሚሠራውን እኛ ሆድ ያወጣን ሰዎች ራሳችን ከፍለን 60 ደቂቃ ልንሠራው ገባን። ፉትሳል የሚባለው የአዳራሽ ውስጥ የትንሽ ሜዳ ኳስ እንኳ ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ሆኖ ቅያሪው ገደብ የለውም፤ የወጣው ሰው አርፎ ይመለሳል። እኛ ቅያሪ የሚባል አልነበረንም። አሥራ አንደኛ ሰው ብንጨምር «ቆሞ ለማየት ነው የምንከፍለው?» የሚል ነበር ከመካከላችን። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

በዚህ ላይ ደሴ መሆኑ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ ከእኛ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ሦስቱ ፋብሪካ ሠራተኞች በመጀመሪያው ሰሞን ከአሥር ደቂቃ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ሲቆሙ «የቆላ ሰው» እያልን ስቀንባቸዋል። ቆላ አይደለም፣ እነርሱም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን። ግን ጨዋታው ትንፋሽ መሰብሰቢያ በማይሰጥበት ቦታ ትንሿ ልዩነትም ታስታውቃለች። በዚያ ላይ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ላብ የነካውን ጀርባ ያቀዘቅዛል፤ አምስት ደቂቃ ቆሞ የተነሣ ቋንጃ እንደ ደረቀ ጠፍር ነው።

በሦስተኛው ማክሰኞ የሆነው ግን የቀልድ አልነበረም። የባለቤቴ ወንድም 51 ዓመታቸው ነው። ጎል አግብተው እጃቸውን ዘርግተው ሲመለሱ መሃል ላይ ቆሙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። መቀመጥ ሲሉ ብብታቸውን ይዤ «ጋሼ፣ አይቀመጡ፤ ቀስ ብለው እየተራመዱ ይተንፍሱ» አልኳቸው። ከሩጫ ላይ ድንገት ሲቀመጡ ወይም ቀጥ ብለው ሲቆሙ ደም እግር ላይ ይቀርና ራስ ይዞራል። አንጓቸውን ያዝኩ፤ በ15 ሴኮንድ 41፣ ማለትም 164። አንድ ደቂቃ አራምጄ ደግሜ ቆጠርኩ፤ 39፣ ማለትም 156። ሩጫ ያቆመ ሰው የልብ ምት በመጀመሪያው ደቂቃ ከአሥራ ሁለት በላይ ካልወረደ እኛ ነርሶች አንወድም። የእርሳቸው ስምንት ብቻ ወረደ። «አብሽር፣ ምንም አልሆንኩም» ይላሉ ደግሞ። በማግስቱ በግድ ወስጄ ሲለኩ የደም ግፊታቸው 160 በ100 ሆነ። ለስንት ጊዜ ተሸክመውት እንደኖሩ አይታወቅም። አሁን መድኃኒት ጀምረዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሐኪማቸው ሲፈቅድላቸው ተመልሰው በረኛ ሆነዋል። ምን ያህል እንደሚጮኹብን አትጠይቁኝ።

እዚህ ላይ ጨዋታውን እንዳልበድል። ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ በእነ ፒተር ክሩስትሩፕ፣ በኳስና በጤና ተመራማሪዎቹ፣ የተደረጉ ጥናቶች አሉ፤ የደም ግፊት ያለባቸው በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶች በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት እንዲህ ያለ የትንሽ ሜዳ ኳስ ለወራት ሲጫወቱ ግፊታቸው ወርዷል። የሚያደክመን ነገር የሚያክመን ነገር ነው እንግዲህ፤ መጠኑንና አወሳሰዱን ግን እንደማንኛውም መድኃኒት የሚነግር ሰው ያስፈልገዋል።

ያን ማታ ሜዳው ምን ነበረው? የሚቀመጡበት አንድ ጣራ የሌለው ርጥብ አግዳሚ ወንበር። ቧንቧው ተዘግቷል። በረዶ የለም፣ ፋሻ የለም፣ የአምቡላንስ ቁጥር የተጻፈበት ቦታ የለም። የቀይ መስቀልን 907 በቃሌ ስለማውቅ እንጂ ፈልግ ብባል አላገኝም ነበር። በር ላይ የሚሠራው ልጅ በራሱ ገንዘብ ለስላሳ ገዝቶ እየሮጠ መጣ። ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ከዚያ ቦታ አንደኛ የማደርገው አገልግሎት እርሱን ነው። በኋላ አሮጌ የመኪና ወንበር ስፖንጅ መሬት ላይ አንጥፌ ደረት መጫን አስተማርኩት፤ መዳፍ በመዳፍ ላይ፣ ክንድ ሳይታጠፍ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ክንዱን ማጠፍ ይወዳል። ሦስት ማክሰኞ ፈጀብን፤ አሁን እኔን ያርመኛል።

ሣሩ ላይ ልምጣ። መሃሉ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የጎማው ፍርፋሪ በደንብ ተነስንሶበታል። ሁለቱ ጎሎች ፊት ግን ፍርፋሪው ተጠርጎ አልቆ ሣሩ ተኝቷል፤ እዚያ ላይ መዞር ሲሚንቶ ላይ መዞር ነው። ብዙ መዞር ያለውም እዚያው ነው። በረጅም ታኬታ የሚገባውን ማንም አይከለክልም። ረጅሙ ጥርስ ሣሩ ውስጥ ተተክሎ ሲቀር እግር ቆሞ ጉልበት ይዞራል፤ ከመምህራኑ አንዱ ሦስት ሳምንት ያነከሰው በዚህ ነው። ዝቅ ያለ ብዙ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ። የመረቡ ብረቶች ከመስመሩ አንድ ሜትር እንኳ አይርቁም፣ በስፖንጅም አልተጠቀለሉም። ሾፌሩ በትከሻው አንዱን ብረት ለይቶ ያውቀዋል።

ኳሱን ነገር በአጭሩ ልተወው ነበር፣ ግን ከድካማችን ግማሹ የእርሱ ነው። የሚሰጡት ትልቁን፣ አምስት ቁጥሩን፣ እስኪጮህ ድረስ ተነፍቶ ነው። ለፉትሳል የሚሆነው አራት ቁጥር ኳስ ከሁለት ሜትር ላይ ሲለቀቅ ነጥሮ ከ50 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲነሣ ነው ሕጉ የሚለው። የእነርሱን ከዚያው ከፍታ ስለቀው ደረቴ ጋ መጣ። እንዲህ የሚነጥር ኳስ በ18 ሜትር ስፋት ውስጥ ማን ይቆጣጠረዋል? ሁሉም ከኳሱ ኋላ ይሮጣል፣ ኳሱ ከመረቡ ጋር ይጫወታል። አዋጥተን አራት ቁጥር ገዛን፤ በዚያው ማታ ቅብብል ምን እንደነበረ ትዝ አለን።

ሰዓቱስ? በወረቀት ከ1 እስከ 2 ነው። ከእኛ በፊት ያሉት ልጆች «የመጨረሻ ጎል» እያሉ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይበሉብናል፤ ከእኛ በኋላ ያሉት ግን ልክ 2 ሰዓት ሲሆን መረቡን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ይዤ ብቆጥር የተጫወትነው 51 ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ 20 ብር ስለሆነ 180 ብራችን በሩ ላይ ቀረ። ከገንዘቡ የሚብሰው፣ የተሻማ ሰዓት ማሟሟቂያ አያስተርፍም። ፊፋ ያዘጋጀው 11+ የሚባለው ማሟሟቂያ አሥራ አምስት እንቅስቃሴ ያለውና ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ነው፤ ማን ነው 400 ብር ከፍሎ ሰውነት የሚያፍታታ? ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ጠጠሩ ላይ ከዚያ ውስጥ የቻልነውን እንሠራለን። የሚያልፉ ሴቶች አይተውን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ።

ደህናውን ደግሞ ልናገር። መብራቱ እንከን የለውም፤ ዓይን አይወጋም፣ ጥግ ላይም ጨለማ የለም። በበልጉ ዝናብ ሜዳው ውኃ ሳይቋጥር ወዲያው ሲጠነፍፍ አይቻለሁ፤ ከሥር ያለው ሥራ በሚገባ የተሠራ ነው። መብራት ጠፍቶ ጨዋታው በተቋረጠብን ቀን ግማሽ ገንዘባችንን ያለ ክርክር መለሱ። በስልክ የተያዘ ሰዓት ለሌላ አይሸጥም። በረመዳን ከተራዊህ ሶላት በኋላ ያለውን ሰዓት ዋጋ ሳይጨምሩ ከፍተውልናል፤ የሚጾመው ውኃውን ጠጥቶ፣ ምግቡ ረግቶለት ይጫወት ዘንድ ከዚያ የተሻለ ሰዓት የለም። መጸዳጃው ንጹሕ ነው። አጠገቡ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እርሷ ከሜዳው ሒሳብ ውጭ ናት፣ ግን ነጥብ ትጨምርለታለች።

የታዘብኩትን ሁሉ አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ለባለቤቱ ነገርኳቸው። «ሐጂ፣ ሸራው ላይ ቀላል የሚለው ይነሣ፤ ይህ ጨዋታ ከትልቁ ሜዳ ይልቅ ልብ ላይ ይከብዳል» አልኩ። ጺማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝና «አንተ ልጅ፣ ከባድ ነው ብዬ ብጽፍ ማን ይመጣልኛል?» አሉ። ሳቅን። ግን ጆሮ ነበራቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወንበሩ የቆርቆሮ ጣራ አገኘ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ 907 በቀይ ቀለም በሩ ላይ ተጻፈ። ብረቶቹ እስከ ዛሬ እንደ ራቁታቸው ናቸው፤ ፍርፋሪውም አልተጨመረም። ሸራውም አለ።

ከአሥር ስድስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ብረቶቹ ስፖንጅ ሲለብሱ ስምንት አደርገዋለሁ፤ ሐጂ ይህን እንደሚያነቡ አውቃለሁ።

ለምትሄዱ፣ አሥር ሆናችሁ አትሂዱ። እኛ አሁን አሥራ ሦስት ነን። በረኞቹ ይቆማሉ፣ ሌላው በየአራት ደቂቃው በፉጨት እየተቀያየረ ይወጣል፤ ፉጨቱን የምትይዘው ልጄ ናት፣ አታዳላም። የወጣው አይቀመጥም፣ ዳር ዳሩን ይራመዳል። ባለፈው ማክሰኞ ሦስተኛውን ዙር ጨርሼ ከሁለት ደቂቃ እርምጃ በኋላ ስቆጥር 118 ነበርኩ፤ ሐሙስ ደረጃውን እንደ ሰው ፊት ለፊት ወረድኩ። ለአንድ ሰው 120 ብር የነበረውም ወደ 92 ወርዷል። አሥራ አራተኛ ሰው ከተገኘ 86 ይሆናል። ከሠላሳ አምስት በላይ የሆነ፣ ግፊቱን የተለካ፣ በረኛ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ያሉን በረኛ ድምፃቸው አልቋል።